የንድፍ ፋይልን ከአውቶካድ በትእዛዝ ማውጣት፦ የአሠራር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ የተሣለ የቤት ፕላን ከሣዩ ኮምፒውተር ከወጣ በኋላ ብቻውን ነው የሚጓዘው። አንዱ ቅጂ በቴሌግራም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ወዳለ ፕሎተር ቤት (ፕላን በትልቅ ወረቀት ወደሚታተምበት) ይሄዳል፤ ሌላው በፍላሽ ተይዞ በር ወደሚቆርጥ ብረታ ብረት ቤት ይገባል፤ ሦስተኛውን መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ሳይት ላይ ያለ ፎርማን በስልኩ ይከፍተዋል። «ይህ መስመር ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሣዩ በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ፋይሉ ስኬሉን፣ መለኪያውን፣ ፊደሉንና የመስመሩን ውፍረት ራሱ ተሸክሞ መሄድ አለበት፤ ይህ መመሪያም አውቶካድ በተባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ያንን ሁሉ በትእዛዝ እንዴት እንደሚያሲዙት ያሳያል።

ፋይል ማውጣት በመስኮትና በአዝራርም ይቻላል። ነገር ግን የኅትመት መስኮቱ ቀደም ሲል በገጹ ላይ የተቀመጠውን ምርጫ ይዞ ስለሚከፈት የቸኮለ ሰው ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ከትእዛዝ መስመሩ፣ ማለትም ትእዛዝ ከሚተየብበት የስክሪኑ ግርጌ ጋር ሲነጋገሩ ግን ፕሮግራሙ የወረቀቱን መጠን፣ አቅጣጫውን፣ ስኬሉንና ቀለሙን አንድ በአንድ ይጠይቃል። እዚህም ቢሆን ኢንተር እየተጫኑ ማለፍ ይቻላል፤ ቢያንስ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ በዓይን ፊት ያልፋል፣ መልሶቹም ጽሑፍ ስለሆኑ ገልብጦ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ፕላን መድገም ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ትእዛዞቹ የተጻፉት እንደ ድምፃቸው በግዕዝ ፊደል ነው። በኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየቡና ኢንተር ይጫናል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ፕሮግራሙ ትእዛዙን አያውቀውም፤ ቀላል ነገር ቢሆንም ጀማሪዎችን ብዙ ያደናግራል። ከትእዛዙ ፊት ጭረት ሲደረግ መስኮት ሳይከፈት ጥያቄዎቹ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ይቀርባሉ፤ ስለዚህ «ፕሎት» መስኮት ይከፍታል፣ «-ፕሎት» ግን በጽሑፍ ይጠይቃል። የፋይል መምረጫ መስኮቱን ለማስቀረት ደግሞ «ፋይልዲያ» ይጻፉና 0 ይስጡት። ሥራው ሲያልቅ ወደ 1 መመለስ አይርሱ፤ አለዚያ በማግስቱ ፋይል ለመክፈት ሲሞክሩ መስኮቱ አልመጣ ይልና ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስልዎታል። መሐል ላይ ከተሳሳቱ «ኢስኬፕ» ያቋርጠዋል፤ «ኤፍ2» ደግሞ እስካሁን የተባለውንና የተመለሰውን ሁሉ ያሳያል።

አስቀድሞ ፋይሉን ማሰናዳት

ማንኛውንም ነገር ከማውጣትዎ በፊት «ኪውሴቭ» ብለው ያስቀምጡ። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ምክር ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል፤ «ሴቭታይም» የተባለውን መቼትም ከ10 ደቂቃ ወደ 5 ዝቅ ማድረግ አይከፋም። ቀጥሎ «ሴቭአዝ» ብለው በሌላ ስም ቅጂ ያውጡና ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ ከሚመጡት ትእዛዞች አንዳንዶቹ ትርፍ ያሉትን ነገር ጠራርገው ስለሚያስወግዱ ዋናው ፋይል ባይነካ ይሻላል።

በቅጂው ላይ በመጀመሪያ «ኦዲት» ይጻፉ፤ ስሕተቶቹ ይታረሙ እንደሆነ ሲጠይቅ «ዋይ» (አዎ) ብለው ይመልሱ። ከዚያ «-ፐርጅ» ብለው «ኦል» የሚለውን ይምረጡ፣ የስሙን ጥያቄ በኮከብ ምልክት ይለፉ፣ እያንዳንዱን ስም ላረጋግጥ ወይ ለሚለው «ኤን» (አይ) ይበሉ። አንዱ ብሎክ (በአንድ ስም የተጠቀለለ የሥዕል ክፍል) በሌላው ውስጥ ተሸጉጦ ሊኖር ስለሚችል፣ የሚወገድ ነገር አልተገኘም እስኪል ድረስ ትእዛዙን ይድግሙት። «ኦል» የማይነካቸው «ሬጅአፕስ» የተባሉ ምዝገባዎችም አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ፋይል በውስጡ ካለው ሥዕል ጋር በማይመጣጠን መጠን ከብዶ ከተገኘ እነዚህ ተጠራቅመው ሊሆን ስለሚችል «-ፐርጅ»ን እንደገና ጠርተው ለብቻቸው ያስወግዷቸው።

መለኪያው ላይ ቆም ይበሉ። አውቶካድ ውስጥ 1 የሚባለው ቁጥር በራሱ ሜትርም ሚሊ ሜትርም አይደለም፤ ሣዩ ያሰበውን ነው የሚሆነው። ለማጣራት «ዲስት» ይጻፉና ስፋቱን በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ 0.2 ካለ የተሣለው በሜትር ነው፤ 20 ካለ በሳንቲ ሜትር፣ 200 ካለ በሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ «ኢንስዩኒትስ» ብለው ለሚሊ ሜትር 4፣ ለሳንቲ ሜትር 5፣ ለሜትር 6 ይስጡ። ይህ መቼት ሥዕሉን አያሳድግም አያሳንስምም፤ ጆንያ ላይ እንደተለጠፈ ጽሑፍ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ብቻ ይናገራል።

የአማርኛ ጽሑፍ

ይህ ለእኛ ለብቻችን የተሰጠ ፈተና ስለሆነ የውጭ አገር መመሪያዎች አያነሡትም። አውቶካድ ሁለት ዓይነት ፊደላት ይጠቀማል፤ አንደኛው «ኤስኤችኤክስ» የተባለው የራሱ ፎንት ነው፣ ሁለተኛው ከዊንዶውስ ጋር የሚጫነው «ትሩታይፕ» ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት የኤስኤችኤክስ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ አማርኛ የሚጻፍበት ስታይል እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ የዩኒኮድ ትሩታይፕ ፎንት መሠራት አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛን ፕላን ፒዲኤፍ ሳላደርገው፣ ዲደብልዩጂ (የአውቶካድ የራሱ ፎርማት) ፋይሉን እንዳለ ለፕሎተር ቤት ላክሁ። የክፍሎቹን ስም «ሳሎን»፣ «መኝታ ቤት»፣ «እንጀራ መጋገሪያ» ብዬ በኒያላ ጽፌ ነበር። የተከፈተበት ኮምፒውተር ኒያላ ስላልነበረው ስሞቹ ሁሉ ተደርድረው የቆሙ ባዶ ሣጥኖች ሆነው ታተሙ። ደንበኛው አራቱን ትልልቅ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኒያላ በዊንዶውስ ቪስታና በ7 አብሮ ይመጣ የነበረ ቢሆንም በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ፎንት ሆኖ ለብቻው የሚጫን ነው፤ ኢብሪማ ግን አሁንም አብሮ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የሚጓዝ ፋይል ላይ የምጠቀመው ኢብሪማን ነው፤ መልኩ እንደ ኒያላ አያምርም፣ ግን ይደርሳል።

ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፕላን ከእጅዎ ከገባ ደግሞ ፎንቱን መቀየር ብቻ አያድነውም፤ ከበስተጀርባ ያለው የላቲን ፊደል ስለሆነ ቃሉ ትርጉም የሌለው ፊደላት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደገና ከመተየብ ሌላ አጭር መንገድ አልመክርም።

ፒዲኤፍ በ«-ፕሎት»

ለኅትመትም ሆነ በስልክ ለማየት የሚሄድ ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን። የትሩታይፕ ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ስለሚታሸግ አማርኛው የትም ቢከፈት አይጠፋም።

«-ፕሎት» ብለው ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ዝርዝር ምርጫ ይፈልጉ እንደሆነ ነው፤ «ዋይ» ይበሉ። ሁለተኛው የሌይአውቱን (ለኅትመት የተሰናዳውን ገጽ) ስም ይጠይቃል፤ በሞዴል (ሥዕሉ በሚሣልበት ቦታ) ላይ ካሉ «ሞዴል» የሚለውን በኢንተር ይቀበሉ። ሦስተኛው የማተሚያውን ስም ይጠይቃል፤ መልሱ «ዲደብልዩጂ ቱ ፒዲኤፍ ነጥብ ፒሲ3» ነው። አራተኛው የወረቀቱን መጠን ይጠይቃል፣ እዚህ ላይም ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ምክንያቱም «ኤ1» ብቻ ቢሉት አይቀበልም። የጥያቄ ምልክት ይጻፉና የስሞቹን ዝርዝር ያውጡ፤ ከዚያ 841 በ594 ሚሊ ሜትር የሚለውን «አይኤስኦ ፉል ብሊድ ኤ1» ከነቅንፉና ከነቁጥሩ ሳይዛነፍ ገልብጠው ይስጡት። ለኤ3 ከሆነ 420 በ297 ሚሊ ሜትር የሚለውን ይፈልጉ።

ቀጥሎ የወረቀቱ መለኪያ ሚሊ ሜትር መሆኑን በ«ኤም»፣ ወረቀቱ ወደ ጎን መዋሉን በ«ኤል» ይመልሱ፤ ተገልብጦ ይታተም ወይ ለሚለው «ኤን» ይበሉ። የሚታተመውን ክልል ሲጠይቅ «ኢ» ካሉት የተሣለውን ሁሉ ይወስዳል። ይህ የሚያምረው ሥዕሉ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከፕላኑ ርቆ የተረሳ አንዲት ነጥብ ካለች ክልሉ እስከ እርሷ ይለጠጣል። እንዲህ ከሆነ «ደብልዩ» ብለው የክልሉን ሁለት ማዕዘኖች ይስጡ።

ስኬሉ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው «በወረቀት ላይ ስንት ሚሊ ሜትር በሥዕሉ ላይ ስንት ዩኒት ይሁን?» በሚል መልክ ስለሆነ መልሱ በሣሉበት መለኪያ ይለያያል። በሚሊ ሜትር ለተሣለ ፕላን 1 ለ100 ማለት 1=100 ነው። በሳንቲ ሜትር ለተሣለ ግን 1=10 ይሆናል። በሜትር ለተሣለ ደግሞ 10=1 ነው፤ አንድ ሜትር በመቶ ሲካፈል 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን። በሜትር ተሥሎ 1 ለ50 ከተፈለገ 20=1፣ 1 ለ200 ከተፈለገ 5=1 ይጻፋል። በሜትር በተሣለ ፕላን ላይ 1=100 ብሎ የሚመልስ ሰው በትልቁ ወረቀት መሐል የቁንጫ ያህል ነጥብ ያገኛል። «ፊት» የሚለው አማራጭ ሥዕሉን ወረቀቱን እንዲሞላ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ለማየት ያህል ጥሩ ነው፣ ለግንባታ ፈቃድ በሚቀርብ ወይም ፎርማን በሜትር በሚለካው ወረቀት ላይ ግን አይጠቀሙበት፤ የሚወጣው ስኬል 1 ለ93 ወይም 1 ለ117 ይሆንና ማንም ሊለካው አይችልም።

ከስኬሉ በኋላ ሥዕሉን መሐል ለማድረግ «ሲ»፣ የፕሎት ስታይል (የኅትመት ቀለምና የመስመር ውፍረት ደንብ) ይሥራ ወይ ለሚለው «ዋይ» ይበሉ። የስታይሉን ስም ሲጠይቅ «ሞኖክሮም ነጥብ ሲቲቢ» ይስጡት። ይህ ፋይል ቀለሞቹን ሁሉ ጥቁር ያደርጋል፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ደምቆ የሚታየው ቢጫ መስመር በነጭ ወረቀት ላይ እንዳይጠፋ የሚያደርገው እርሱ ነው። የመስመር ውፍረት ይታተም ወይ ለሚለው «ዋይ» ይበሉ፣ የሼድ ጥያቄውን በኢንተር ይለፉ፣ የፋይሉን ስም ከነሙሉ መንገዱ ይስጡ። የገጹ ምርጫ ይቀመጥ ወይ ሲል «ኤን»፣ ኅትመቱ ይቀጥል ወይ ሲል «ዋይ» ካሉ ፋይሉ ይወጣል።

በሌይአውት ውስጥ ሲሠሩ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ። ክልሉ «ኤል» ይሆናል፤ ስኬሉ 1=1 ይሆናል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ስኬል የተያዘው በቪውፖርቱ (ሥዕሉ በገጹ ላይ በሚታይበት መስኮት) ነው፤ ከመስመር ውፍረት በኋላም ተጨማሪ ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ ሁሉንም በ«ኤን» ማለፍ ይቻላል። ብዙ ሌይአውት ያለውን ፕላን በአንድ ፒዲኤፍ ለማውጣት ደግሞ «-ኤክስፖርት» ብለው «ፒ»ን፣ ከዚያ «ኤ»ን ይምረጡ፤ እያንዳንዱ ሌይአውት አስቀድሞ የተዘጋጀለትን የገጽ ምርጫ ይዞ ይወጣል። ወረቀት ላይ ያልወጣ መስመር ካለ «ዴፍፖይንትስ» በተባለው ሌየር (የሥዕል ንብርብር) ላይ ተሥሎ እንደሆነ ይዩ፤ የዚያ ሌየር መስመር በስክሪን ላይ ይታያል እንጂ አይታተምም።

ለብረት ቆራጭ ማሽን ዲኤክስኤፍ

የግቢ በር ወይም የመስኮት ፍርግርግ በፕላዝማ ማሽን የሚቆርጥ ሰው የሚፈልገው ዲኤክስኤፍ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞችና ማሽኖች የሚያነቡት የሥዕል ፎርማት ነው። ማሽኑ እንደ ሰው አይገምትም፤ ያየውን መስመር ሁሉ ይቆርጣል። ስለዚህ ለበሩ ብቻ አዲስ ፋይል ከፍተው ልኬትን፣ ማብራሪያንና ፍሬምን ሁሉ ያጥፉ። «ኦቨርኪል» ብለው ሁሉንም ይምረጡና ተደራርበው የተሣሉትን መስመሮች ያስወግዱ፤ ሁለት መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ካለ ማሽኑ በዚያው ቦታ ሁለት ጊዜ እያቃጠለ ያልፋል። የተቆራረጡትን «ፒኤዲት» ብለው፣ «ጆይን»ን መርጠው ዙሪያቸውን ያገናኙ። በበሩ ላይ ስም ወይም ጽሑፍ ካለ «ቲኤክስቲኤክስፒ» በተባለው ትእዛዝ ወደ መስመር ይለውጡት፤ ማሽኑ ፎንት የለውም።

ከዚያ ሥዕሉ በሚሊ ሜትር መሆኑን በ«ዲስት» ያረጋግጡ። በሜትር የተሣለ ከሆነ «ስኬል» ብለው፣ ሁሉንም መርጠው፣ መነሻውን 0,0 አድርገው በ1000 ያባዙት። ይህን የረሳ ሰው 3.60 ሜትር ስፋት ያለውን የግቢ በር 3.6 ሚሊ ሜትር አድርጎ ይልካል፤ ለጉንዳን ካልሆነ ለማንም አያሳልፍም።

አሁን «ዲኤክስኤፍአውት» ይጻፉ። «ፋይልዲያ» 0 ከሆነ በመጀመሪያ የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎም የአሥርዮሽ ቤቶችን ቁጥር ከ0 እስከ 16 ይጠይቃል። ቁጥሩን ከመስጠትዎ በፊት «ቪ» ብለው የፋይሉን ዘመን ይምረጡ። ብዙ ቆራጭ ማሽኖች «አር12» ወይም 2000 የሚባለውን ያለ ችግር ስለሚያነቡ የማሽኑን ባለሙያ አስቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ አር12 ስፕላይን (ነጻ ጥምዝ) እና ኤሊፕስ (ሞላላ) ስለማያውቅ ጥምዝ መስመሩን ወደ ትንንሽ ቀጥታ መስመሮች ይሰባብረዋል፣ የመለኪያውንም ምልክት በውስጡ አይዝም። ስለዚህ በአር12 የላኩ እንደሆነ «ሚሊ ሜትር» የሚለውን በፋይሉ ስም ውስጥ ይጻፉት፤ ለምሳሌ «በር_3600ሚሜ» ዓይነት ስም፣ በላቲን ፊደል። የአሥርዮሽ ቤቱን በ16 ይተዉት።

ለሌላ ባለሙያ ዲደብልዩጂ

ስትራክቸር ለሚሠራ መሐንዲስ ወይም ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚሄደው ፋይል ተከፍቶ የሚታረም መሆን ስላለበት ዲደብልዩጂ ራሱ ይላካል። የመጀመሪያው ጥያቄ ተቀባዩ የቱን ዓመት ፕሮግራም ይጠቀማል የሚለው ነው። የ2018 ፎርማት በ2017 ወይም ከዚያ በፊት በወጣ አውቶካድ አይከፈትም። «ሴቭአዝ» ብለው ፎርማቱን ሲጠይቅ 2013 ቢሰጡ ከ2013 ጀምሮ ባሉት፣ 2010 ቢሰጡ ከ2010 ጀምሮ ባሉት ሁሉ ይከፈታል። እነዚህ ዓመታት የፈረንጆቹ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ በእኛ አቆጣጠር አስቦ የተሳሳተ ሰው አውቃለሁ። የደረሰዎትን ፋይል ዘመን ለማወቅ ደግሞ በኖትፓድ ይክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ስድስት ምልክቶች ይዩ፤ «ኤሲ1032» የ2018፣ «ኤሲ1027» የ2013፣ «ኤሲ1024» የ2010፣ «ኤሲ1021» የ2007 ነው። ኖትፓዱን ሳያስቀምጡ ይዝጉት።

ከትልቅ ፋይል ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ለመላክ «-ደብልዩብሎክ» ይጠቀሙ። የፋይሉን ስም ይሰጣሉ፣ የብሎክ ስም ሲጠይቅ በኢንተር ያልፋሉ፣ መነሻ ነጥብ ሲጠይቅ 0,0 ይሰጣሉ፣ ከዚያ የሚፈለገውን ይመርጣሉ። ትእዛዙ ሲያልቅ የመረጡት ነገር ከስክሪኑ ይጠፋል፤ አይደንግጡ፣ «ኡፕስ» ብለው ሲጽፉ ይመለሳል። በብሎኩ ስም ምትክ ኮከብ ቢሰጡ ሙሉው ሥዕል ትርፉን ጥሎ ይጻፋል።

መነሻ ነጥቡን 0,0 ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ብርሃን መሬት ሰርቬይ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ሲያርፍ ወደ ሰሜን ያለው ቁጥር ከ1 ሚሊዮን ሜትር አልፎ ወደ 1 ሚሊዮን 70 ሺህ ይጠጋል። ሌላ መነሻ ከሰጡት ይህ ቦታ ይጠፋና የመንገድ ወይም የፍሳሽ ባለሙያው ፋይሉን ከራሱ ካርታ ጋር ሊያገጥመው አይችልም። በ0,0 የወጣው ግን በ0,0 ሲገባ በቦታው ላይ ያርፋል። ሰርቬዩ በአዲንዳን ይሁን በደብልዩጂኤስ84 (ሁለቱም የካርታ ልኬት መነሻዎች ናቸው፤ የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሁለተኛውን ነው) መሠራቱንም በሥዕሉ ላይ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ስለማያንስ፣ በስልክ ጂፒኤስ ድንበር ለማግኘት የሚሞክር ሰው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሊቆም ይችላል።

ለሦስት አቅጣጫ (ስሪዲ) ማተሚያ የሚሆነው ኤስቲኤል የተባለ ፋይል በ«ኤስቲኤልአውት» ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባይነሪ ኤስቲኤል እያንዳንዱን ቁጥር በ32 ቢት ስለሚይዝ፣ 1 ሚሊዮን 70 ሺህ ሜትር ላይ ያለች ነጥብ ልትለይ የምትችለው በ12.5 ሳንቲ ሜትር እርምጃ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ይንሻፈፋል። እዚህ ላይ ቅጂውን «ሙቭ» ብለው ወደ 0,0 አቅራቢያ ማምጣት ተገቢ ነው።

ከፕላኑ ጋር የተያያዙ ሌሎች ፋይሎች ካሉ ዋናውን ብቻ ልኮ ዝም ማለት ባዶ ቤት መላክ ነው። አንዱ መንገድ «-ኤክስሬፍ» ብለው፣ «ባይንድ»ን መርጠው፣ ኮከብ በመስጠት ሁሉንም ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ በፊት «ባይንድታይፕ»ን 1 ያድርጉት፤ በ0 ከተወ የሌየሮቹ ስም በዶላር ምልክትና በቁጥር ተጥለቅልቆ ይመጣል። ሌላው መንገድ «ኢትራንስሚት» ነው፤ ተያያዥ ፋይሎችን፣ የፕሎት ስታይሉንና የኤስኤችኤክስ ፎንቶችን ጠቅልሎ በአንድ ዚፕ ያስቀምጣል። የትሩታይፕ ፎንት ግን አብሮ ስለማይታሸግ ኒያላን በዚህ መንገድ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ። ለዚህ ነው ከማንኛውም ዲደብልዩጂ ጋር ፒዲኤፉንም አብሬ የምልከው፤ ተቀባዩ በሁለቱ መካከል ልዩነት ካየ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

መልሶቹን በስክሪፕት ማስቀመጥ

አሥር ፕላን በተመሳሳይ ወረቀትና ስኬል የሚያወጣ ሰው አሥር ጊዜ መተየብ የለበትም። በኖትፓድ አዲስ ፋይል ይክፈቱና የ«-ፕሎት»ን መልሶች ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል፣ አንዱን መልስ በአንድ መስመር እያደረጉ ይጻፉ፤ «ኤፍ2» ተጭነው ቀደም ብለው በእጅ የሠሩትን መገልበጥ ይቀላል። ከሁሉ በላይ በመጀመሪያው መስመር «ፋይልዲያ» እና 0፣ በሁለተኛው «ባክግራውንድፕሎት» እና 0 ይጻፉ፤ ሁለተኛው ኅትመቱ ከበስተጀርባ ሳይሆን በተራው እንዲያልቅ ያደርጋል። በመጨረሻ «ፋይልዲያ»ን ወደ 1 የሚመልስ መስመር ይጨምሩና የፋይሉን ቅጥያ «ኤስሲአር» አድርገው ያስቀምጡ። አውቶካድ ውስጥ «ስክሪፕት» ብለው ይህንን ፋይል ሲመርጡ ሁሉም በራሱ ይሄዳል።

ስክሪፕት አንባቢው ግትር ነው። ባዶ መስመር እንደ ኢንተር ይቆጠራል፤ ክፍተትም በአብዛኛው ቦታ እንዲሁ። ስለዚህ ሳያስቡት በመስመር መጨረሻ ላይ የቀረ አንድ ክፍተት ከእርሱ በኋላ ያሉትን መልሶች ሁሉ በአንድ ቦታ ያንሸራትታቸዋል፣ የስኬሉ መልስ ለወረቀቱ ጥያቄ ይሰጣል። የፎልደሮችን ስም ያለ ክፍተት ይሰይሙ፤ ካልተቻለ መንገዱን በጥቅስ ምልክት ይክበቡት። የመጨረሻው መስመር በኢንተር ካልተዘጋ ደግሞ ስክሪፕቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚሁ ስም የወጣ አሮጌ ፋይል ካለ አንዳንዱ ትእዛዝ «ይተካ?» የሚል ያልተጠበቀ ጥያቄ ስለሚያመጣ፣ የሚወጣውን ሁሉ ቀን በተጻፈበት ባዶ ፎልደር ውስጥ ማድረግ ይሻላል።

ከ2013 ጀምሮ ከአውቶካድ ጋር «ኤሲኮርኮንሶል» የሚባል መስኮት የሌለው ፕሮግራም ይመጣል። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ስሙን ጽፈው በ«/አይ» የሥዕሉን ፋይል፣ በ«/ኤስ» ስክሪፕቱን ሲሰጡት ዋናውን ፕሮግራም ሳይከፍት ፒዲኤፉን ያወጣል። አቅሙ ዝቅ ባለ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መስኮት የሚያስፈልጋቸው እንደ «ኢትራንስሚት» ያሉ ትእዛዞች ግን በዚያ አይሠሩም።

ከመላክ በፊት ማየት

የወጣውን ፒዲኤፍ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክዎ ይክፈቱ፤ በተሣለበት ማሽን ላይ ማየት ምንም አያረጋግጥም። አማርኛው መነበቡን ካዩ በኋላ አንድ ወረቀት ያትሙና ማስመሪያ ይያዙ። በ1 ለ100 የወጣ ፕላን ላይ 10 ሜትር ያለው ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። 9.6 ወይም 9.7 ከሆነ ስሕተቱ በአውቶካድ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ፒዲኤፍ የሚያሳትመው ፕሮግራም «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» የሚለውን መርጦ ስለሆነ «ትክክለኛ መጠን» ወደሚለው ይለውጡት። ኤ1 ተብሎ የወጣው በኤ3 ከታተመ ርዝመቱ በትክክል በግማሽ ስለሚቀንስ 1 ለ100 የነበረው 1 ለ200 ይሆናል፤ ሳይት ላይ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ኤ3 ስለሆነ በፕላኑ ግርጌ ከቁጥሩ ጎን በመስመር የተሣለ ስኬል ማኖር ይበጃል፣ እርሱ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ያንሳልና።

በቴሌግራም ሲልኩ በምስል ሳይሆን በፋይል ይላኩ። የፕላኑን የስክሪን ፎቶ አንሥቶ በምስል የላከ ሰው መስመሮቹ ሲደበዝዙና ቁጥሮቹ ሲጠፉ ያገኛል፤ በፋይል የተላከ ፒዲኤፍ ግን እንደወጣ ይደርሳል። ከፋይሉ በታች ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የተሣለበትን መለኪያ፣ የሚታተምበትን የወረቀት መጠን፣ ፋይሉ የወጣበትን ቀን።